ቀን ማን ያያል?

አክስቴ ደውላ «ዲሹ ተበላሽቷል፤ ሰው ፈልግልኝ» ስትለኝ ነገሩን ቀላል አድርጌ ነበር ያየሁት። ቤቷ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ስለነበር ነፋስ ነቅንቆት ይሆናል ብዬ ከአባይ ማዶ አንድ የዲሽ ባለሙያ ይዤ ሄድኩ። ልጁ የሲግናል መፈለጊያውን ፋይንደር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆርቆሮው ላይ ወጣ። ብሎኑን ፈታ አድርጎ መልሶ አጠበቀው። ዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል መቀበያ፣ ኤል ኤን ቢውን፣ በእጅጌው ወለወለ። የኬብሉን ጫፍ በጥርሱ ልጦ እንደገና ሰካው። ከዚያ ወርዶ ሪሞቱን ያዘና ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ አለፋቸው። ሁሉም ጥርት ብለው ይታያሉ።

«የትኛው ነው የጠፋው እማማ?» አላት።

«ጣቢያውማ አለ። የስምንት ሰዓቱ ዝግጅት ነው የጠፋው። ሙዚቃ ብቻ ሆነብኝ።»

ልጁ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ዲሹ ምንም አልሆነም እማማ። ፕሮግራሙን አንስተውት ነው። ሰሞኑን ለዚሁ ብለው የጠሩኝ ሌሎችም አሉ።»

አክስቴ ለአፍታ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ ሲያነሱት አይናገሩም?»

ልጁ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ነበር። «ቆርቆሮ ላይ ወጥተህ ወርደሃል፤ የድካምህን ነው» ብላ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ወደ ሥራ ስመለስም፣ ማታ ስተኛም አልለቀቀኝም። አንድ ጣቢያ ወጪ ልቀንስ ብሎ አንድ ዝግጅት አነሳ። ሰዉ ደግሞ የገዛ ዲሹን ጠረጠረ። ጣቢያው ካዳነው ገንዘብ ላይ ጥቂቱን ለዲሽ ሠራተኛ እየከፈሉ የሸፈኑት እነ አክስቴ ናቸው።

ዲሹ ለምን ተጠረጠረ

አክስቴ ዲሹን የጠረጠረችው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ የነበረውን ግርግር ታስታውሳላችሁ። ወደ ምዕራብ ያዩ የነበሩ ዲሾች ወደ ምሥራቅ ዞሩ። ያላዞረ ሰው አንድ ጠዋት ቴሌቪዥኑን ሲከፍት የለመደው ጣቢያ የለም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከስክሪኑ ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ የሚያየው ቆርቆሮውን ነው።

ያኔ ግን ነግረውን ነበር። ማስታወቂያው በስክሪኑ ግርጌ ሲመላለስ ሰንብቷል። ፍሪኩዌንሲውን የልጇ ደብተር ጀርባ ላይ የጻፈች ጎረቤት ነበረችን፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከእሷ ነው የገለበጠው። ስለዚህ ጣቢያ ሲፈልግ መናገር ያውቅበታል። ተከተሉኝ ለማለት ሳምንታት ሙሉ ይናገራል። የተከተሉትን ሰዎች ትቶ ሲሄድ ነው ዝም የሚለው።

መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት ከተማ ውስጥ ደግሞ የአንድ ቀን መቅረት ማንንም አያስደነግጥም። መብራት ሄዶባቸው ይሆናል፣ አቅራቢዋ ታማ ይሆናል፣ በዓል ይሆናል ይባላል። አክስቴ ይህን ሁሉ ብላለች። ከመደወሏ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቃለች። የመጨረሻው ዝግጅት ሲያልቅ አቅራቢዋ እንደ ወትሮው «ነገ በዚሁ ሰዓት ይጠብቁን» ብላ ነበር የተሰናበተችው። ጠብቁን ተብለው ነው የጠበቁት።

የስምንት ሰዓቱ ቡና

ዝግጅቱ ምን ነበር? አንዲት አቅራቢ፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ እንግዳ። ሐኪም ይመጣል፣ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር ይጠየቃል። ሌላ ቀን የሕግ ባለሙያ ይመጣል፣ ስለ ውርስና ስለ ቤት ኪራይ ውል ያስረዳል። ተመልካች ይደውላል። መስመሩ ይቆረጣል። እንደገና ይደውላል። አቅራቢዋ ሳትቸኩል ታዳምጣለች። ሽልማት የሚያስገኝ ነገር አልነበረበትም፤ ብዙ ሰውም ስሙን አያውቀው ይሆናል።

አክስቴ ቴሌቪዥን የምታየው በጆሮዋ ነው። ጥጥ ትፈትላለች። ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች። ክሩ እየቀጠነ ይረዝማል። ዓይኗ ከክሩ ላይ አይነሳም። የክሩን መቅጠን ትቆጣጠራለች፣ ሐኪሙንም ትሰማለች። ልብ የሚነካ ነገር ሲነገር እንዝርቱን በመዳፏ ያዝ ታደርግና ቀና ትላለች። «እስቲ ዝም በሉ» ትላለች። ቤቱ ጸጥ ይላል። ሐኪሙ ሲጨርስ እንዝርቱ እንደገና ይሽከረከራል።

ጀበናው የሚጣደው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ጎረቤቶቿ ስምንት ሳይሞላ ይገባሉ። አንዷ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ የወጣች ናት። አንዷ የልጅ ልጅ የምትጠብቅ። አንዷ ጠዋት ገበያ ውላ የምትመጣ። አቦል ሲቀዳ ዝግጅቱ ይጀምራል። ቶና ላይ ደዋዮቹ ይገባሉ። በረካ ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ይቀነስና ክርክሩ ይጀመራል። ሐኪሙ ጨው ቀንሱ ብሎ ከሆነ የማን ወጥ ጨው እንደሚበዛበት ይነሳል። የሕግ ባለሙያው ስለ ውርስ ተናግሮ ከሆነ የማን ወንድም የማንን ቦታ እንደወሰደ ይወራል። ከእነሱ አንዷ አንድ ቀን የሰማችውን ይዛ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዛሬ መድኃኒት ላይ ናት፤ ደህና ናት።

ዝግጅቱ ከተነሳ በኋላ ቡናው አልቀረም። ቡና መቼ ይቀራል! ሰዓቱ ግን ተበተነ። አንዷ ሰባት ሰዓት ላይ ብቅ ትላለች። ሌላዋ አሥር ሰዓት ላይ። አቦል የጠጣችው በረካ ላይ የለችም። አብረው የሰሙት ነገር ስለሌለ ጨዋታው ሁሌ ዘይት ስንት ገባ፣ ጤፍ ስንት ገባ ላይ ያልቃል። ጣቢያው አንድ ዝግጅት እንዳነሳ ነው የሚያውቀው። እዚህ ሽምብጥ ውስጥ ጥቂት ሴቶች የሚገናኙበት ሰዓት እንደፈረሰ ማን ይንገረው?

ይህን ካየሁ በኋላ ቀን ቀን ቴሌቪዥን የሚከፈትባቸውን ቤቶች ማስተዋል ጀመርኩ። ፀጉር ቤት። ልብስ ስፌት ቤት። ጣና ዳር ያሉት ዓሣ ቤቶች፤ ምሳ ሰዓት አልፎ ተስተናጋጅ ሲቀንስ አምባዛ ስትገነጥል የዋለችው ልጅ እጇን ታጥባ ስክሪኑ ፊት አረፍ የምትለው ያኔ ነው። አስታማሚ የተቀመጠበት የሕሙማን ክፍል። ቤት የዋለ ሽማግሌ። እነዚህ ሰዎች ማታ ዋናው ድራማ ሲመጣ ወይ ደክሟቸዋል፣ ወይ ሪሞቱ በሌላ ሰው እጅ ነው። የእነሱ የሚባለው ሰዓት ቀኑ ነው።

የወዳጄ ሒሳብ

ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ዝግጅቱን ያነሳው የእሱ ጣቢያ አይደለም። ነገሩን ስነግረው ግን ትንሽ እንኳ አልገረመውም። «እኛም ቀንሰናል፤ ቀን ማን ያያል?» አለኝ። ክፋት የለበትም። ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ሲሠራ የሚውል ሰው ድካም ነው ያለበት። ስለዚህ ሒሳቡን እንዲነግረኝ ለመንኩት።

ብዙ የቀን ዝግጅቶች የጣቢያው የራሱ አይደሉም። አዘጋጁ የአየር ሰዓት ይገዛል። ስፖንሰር የሚፈልገው ራሱ ነው። ካሜራውን፣ ኤዲተሩን፣ የእንግዳውን ትራንስፖርት የሚከፍለው ራሱ ነው። ስፖንሰሩ የወጣ ዕለት ዝግጅቱም አብሮ ይወጣል። ስፖንሰሮቹ ደግሞ አንድ በአንድ ሄደዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ለጤና ሲባል ተገቢ ነው እላለሁ። ነገር ግን የቢራ ፋብሪካዎች ከትልልቆቹ አስተዋዋቂዎች ነበሩና የተዉት ክፍተት ቀላል አልነበረም። ከዚያ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጣ። የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ሳምንታት ሳይሞሉ ከ100 ብር አለፈ። የሳተላይት ኪራይ የዶላር ዕዳ ነው። ካሜራ በዶላር ነው። መለዋወጫው በዶላር ነው። ማስታወቂያ የሚሸጠው በብር ነው።

«እና ከየት ይቆረጥ?» አለኝ ወዳጄ። «ከዜና? ከማታው ድራማ? ደመወዝ ከሚያስገባልን ሰዓት ላይ?» ከቀኑ ይቆረጣል። የሚቆረጠውም በአንዴ አይደለም። መጀመሪያ ቀጥታ ስርጭቱ ወደ ቅጂ ይለወጣል። አምስት ቀን የነበረው ሦስት ቀን ይሆናል። ቀጥሎ «ምርጥ ዝግጅቶች» ተብሎ የድሮው ይደገማል። በስተመጨረሻ ክሊፕ ይለቀቅበታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

ሒሳቡን አምኜለታለሁ። ጣቢያ የሌለውን ገንዘብ ከየት ያምጣው? በዚህ የሚናደድ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ያላመንኩት «ማን ያያል» የሚለውን ነው። እንዴት አወቅህ አልኩት። ዩቲዩብ ላይ የጫንነውን ስንት ሰው እንዳየው እናውቃለን አለኝ። ስልክ የሚደውለውን ሰው እናውቃለን አለኝ። አክስቴ ዩቲዩብ ላይ የለችም። ደውላም አታውቅም፤ መስመሩ እስኪገባ ካርዷ ያልቃል። ጎረቤቶቿም እንደዚያው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል የአገሬ ሰው። እነሱ ቢናገሩ የሚሰማበት ቀዳዳ የት አለ?

«ዩቲዩብ ላይ ያገኙታል» የሚለውን መልስ ደግሞ እኛ ባሕር ዳር ያለን ሰዎች በሌላ ጆሮ ነው የምንሰማው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ለወራት አልተመለሰም። በዚያ ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከልንን ፎቶ እንኳ ማየት አልቻልንም። ቤት ውስጥ መዋል በበዛበት በዚያ ጊዜ የስምንት ሰዓቱ ዝግጅት አልተቋረጠም ነበር። አክስቴ ሳሎን ውስጥ ያቺ አቅራቢ ያንኑ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ «እንደምን ዋላችሁ» ትል ነበር። በዚያን ሰሞን እንደምን ዋላችሁ መባል ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የነበረ ሰው ያውቀዋል። ያን ሁሉ ጊዜ አብሮን የነበረ ዝግጅት ያለ አንዲት ቃል ሲሄድ የሚሰማው ቅሬታ ከዚህ የመጣ ነው።

ከለንደን የመጣው ወሬ

የአጎቴ ልጅ ለንደን ናት። አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትንከባከባለች። የአክስታችንን የዲሽ ነገር ስነግራት «እዚህም እኮ ይኸው ነው» አለችኝ። ከምትንከባከባቸው እናቶች አንዷ ለብዙ ዓመት ቁርሷን የምትበላው ሎሬን የሚባለውን የጠዋት ዝግጅት እያየች ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ጣቢያው አይቲቪ ወጪ ለመቀነስ የቀን ዝግጅቶቹን እንደሚያሳጥር አስታወቀ። የአንድ ሰዓቱ ሎሬን ግማሽ ሰዓት ይሆናል፤ የሚተላለፈውም በዓመት 30 ሳምንት ብቻ ይሆናል ተባለ። የምሳ ሰዓቱ የሴቶች የውይይት ዝግጅትም እንዲሁ 30 ሳምንት። ከ220 በላይ የሥራ ቦታዎች አደጋ ላይ ወደቁ።

ቢቢሲም ከዚያ በፊት አድርጎታል። በአንድ ክሊኒክ ዙሪያ የሚሽከረከር ዶክተርስ የሚባል የቀን ድራማ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረና በርሚንግሃም ከተማ ይሠራ የነበረ ነው። የድራማ ማምረቻ ዋጋ ናረብኝ ብሎ እንደሚያቆመው አሳወቀ። ሀብታም አገርም ቢሆን ቢላዋው መጀመሪያ የሚያርፈው ቀን ላይ ነው። ይህን ስሰማ መጽናኛ አላገኘሁበትም። ወዳጄ «ቀን ማን ያያል» ያለው ለካ የዓለም አባባል ነው።

ቀኖቹን ሳያቸው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ቢቢሲ ድራማው እንደሚቆም የተናገረው በጥቅምት 2023 ነው። የመጨረሻው ክፍል የታየው በኅዳር 2024። አንድ ዓመት ከአንድ ወር ገደማ መሆኑ ነው። አይቲቪ በግንቦት የተናገረው ለጥር ነው። ሰዉ ተቆጣ፣ ጻፈ፣ አለቀሰ። ውሳኔው አልተለወጠም። ነገር ግን የአጎቴ ልጅ የምትንከባከባት እናት መቼ ምን እንደሚሆን ቀድማ አውቃለች። «ከጥር ጀምሮ ቁርሴን በዘጠኝ ተኩል አድርጊልኝ» አለቻት። በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ቁርሷን ከአዲሱ ሰዓት ጋር አስማማችው።

ይህችን ሳስብ የአክስቴ ጥያቄ ግልጽ ሆነልኝ። እሷ ለምን አነሱት አላለችም። ጣቢያውን አልረገመችም፤ ኑሮ እንደከበደ ከማንም በላይ ታውቃለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ሲያነሱት አይናገሩም ወይ? ቁርጡን ብታውቅ ጀበናውን በሌላ ሰዓት ትጥደዋለች። ሰፈራችን ያለ ትንሽ ሱቅ እንኳ ሲዘጋ በሩ ላይ ወረቀት ይለጥፋል። ወረቀቱን የሚለጥፈው ነገም የሚመጣ ደንበኛ እንዳለው ስለሚያውቅ ነው። ያልለጠፈ ጣቢያ ማንም አይመጣም ብሎ ደምድሟል ማለት ነው። እኔን የከነከነኝ ይኸው ነው።

ሁለት መስመር

ማሳወቅ ስንት ያስወጣል? ወዳጄን ይህን ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበ። በስክሪኑ ግርጌ የሚያልፍ ጽሑፍ ገንዘብ አይጠይቅም አለኝ። አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ ይጽፈዋል፤ ያው ነው። አቅራቢዋ የመጨረሻ ቀን ላይ ራሷ እንድትሰናበት ማድረግስ? እሱም አያስወጣም። ታዲያ ለምን አይደረግም? «ስፖንሰር እየሸሸን ነው እንዳይባል» አለኝ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ «ደግሞ ማንም ስለማይጠይቅ» አለ።

እዚህ ላይ ተከራከርን። ዝግጅት ሲታጠፍ በይፋ መናገር ድክመትን ማሳየት ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ባዶ ሰዓት ፊት ሁለት ሳምንት አስቀምጦ ቆርቆሮ ላይ ማስወጣት የባሰ ነው አልኩት። የተነገረው ተመልካች ያዝናል፣ ግን ጣቢያውን አይለቅም። ሳይነገረው የቀረ ተመልካች የሚቀጥለውን ዝግጅትም አያምነውም። አክስቴ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የምትከፍተው ኤፍ ኤም ሬዲዮ ነው። ያ ጣቢያ ነገ ገንዘብ አግኝቶ ዝግጅቱን ቢመልሰው እንኳ በምን ታውቃለች? እዚያ ጣቢያ ላይ መጠበቅ ትታለች።

ደግሞም መቁረጥ የግድ ከሆነ ሰዓቱን መጠበቅ ይቻላል። አዲስ ዝግጅት መሥራት ካቃተ የድሮውን በዚያው ሰዓት ይድገሙት። ስለ ደም ግፊት የተነገረው ምክር በአንድ ዓመት አያረጅም። አምስቱን ቀን ካልቻሉ ሁልጊዜ ሰኞና ረቡዕ ይሁን። ክሊፕ የሚለቀቅበት ሰዓት ሲለቀቅ ባይለቀቅ ማንም ልብ አይለውም። ሰው ተጠራርቶ የሚጠብቀው ሰዓት ግን ዓመታት ተለፍቶበት የተገነባ ነው። አንዴ ከፈረሰ በገንዘብም አይመለስም። ጣቢያዎች ይህን እንደ ንብረት ቢቆጥሩት ደስ ይለኛል።

ወዳጄ በመጨረሻ ያመነኝ ይመስለኛል። እነሱም ዘንድ በሚቀጥለው ወር የሚነሳ አንድ የቀን ዝግጅት አለ። ስለ ልጆች አስተዳደግ ነው። ጽሑፉን አንተ አርቅቀው፣ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ አለኝ። ያን ማታ ጽፌ ላክሁለት፦

«የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን፣ ይህ ዝግጅት በወጪ ምክንያት እስከ ወሩ መጨረሻ ዓርብ ብቻ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ በዚሁ ሰዓት ሰኞና ረቡዕ የቀድሞዎቹን ዝግጅቶች እንደግማለን። እስካሁን ስላዳመጣችሁን እናመሰግናለን።»

ረዘመ አለኝ። በሁለት መስመር መግባት አለበት ብሎ መለሰልኝ። ምስጋናውን አውጣው፣ «በወጪ ምክንያት» የሚለውንም ከፈራችሁት አውጡት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ግን እንዳትነኩ አልኩት።